የካይላሽ ስንቅ

እኔ ተጸያፊ ሴት ነኝ። ላሊበላ ውስጥ «አዛለች ማን ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ያቺ ሁሉ ነገር የሚቀፋት ወጥ ሠሪ» ይሏችኋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ስሠራ ኖሬያለሁ። ከአሸተን ማርያም እስከ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ድስቴን አስጭኜ ወጥቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከወጤ ውስጥ አንዲት ፀጉር ወጥታ አታውቅም። ሻሼን ሁለት ጊዜ ሳልጠመጥም እሳት አላነድም። ጣቱን ልሶ ወደ ትሪው የሚመለስ ሰው ሳይ ሆዴ ይገለበጣል። ንፍጡን በመዳፉ ጠርጎ በዚያው እጁ ጭነት የሚያነሣ በቅሎ ጫኝ፣ እንግዶች የድንኳን ገመድ ላይ የሚያሰጡት የላበው ካልሲ፣ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ የቀረ የከንፈር ቅባት፣ ሁሉም ያቅለሸልሸኛል። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ እንደሆንሁ የሚቀፈው ሰው ክፋትም ይቀፈዋል ብዬ ነበር የማምነው።

አንድ ጊዜ በፍልሰታ ጾም፣ ዘመድ ቤት ሄጄ፣ ቅቤ በነካ ጭልፋ ሽሮ ጨልፈው ሰጡኝ። የነገሩኝ ሦስት ጊዜ ከጎረስሁ በኋላ ነው፤ ያውም እየሳቁ። ከግቢያቸው ሳልወጣ አጥሩ ሥር አስመለስሁት። ከእነዚያ ሰዎች ጋር እስከ ዛሬ ሰላምታችን በሩቁ ነው። ሰው ተሳስቶ ቢያጎድል ይቅር እላለሁ። የሌላውን ጾም አቃልሎ የሚስቅ ሰው ግን ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ዶክተር ናራያናን ይህን ስሜን ሰምተው ነው የመጡት። ሕንዳዊ ናቸው፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሲያስተምሩ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አማርኛቸው ቀስ ይላል እንጂ አይሰናከልም። የዳግማይ ትንሣኤ ለት አሸናፊ ቤቴ ይዟቸው መጣ። አሸናፊ የእህቴ የብርቅዬ ልጅ ነው። አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ከአገሩ ከጠፋ ወዲህ ግን የሚያስጎበኘው ሰው አጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር ሲጎረጉር ይውላል። ጎርጉሮ ያወጣውን ደግሞ ዓይኑ ሥር አቅርቦ ያየዋል! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ዶክተሩ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ የመጡበትን ተናገሩ።

«ወይዘሮ አዛለች፣ ካይላሽ የሚባል ተራራ አለ። ቲቤት ነው። ለእኛ ለሂንዱዎች የአምላካችን የሺቫ ቤት ነው። ጫፉ ላይ ማንም አይወጣም። ዙሪያውን ሦስት ቀን በእግር እንዞራለን። መንገዱ ከእናንተ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ በሺህ ሦስት መቶ ሜትር ይበልጣል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልሁ።

«ሳንባዬንና እግሬን ላለማምድ ነው። ወልድያ ዝቅ ያለ አገር ነው። እዚህ ስድስት ሳምንት ተራራ እየወጣሁ ልቆይ ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ።»

«ስለት ኖሮብዎት ነው?»

«የእኔ አይደለም። የባለቤቴ የሳሮጃ ነው። ልጃችን ሕፃን ሆኖ ታሞ ሊሞት ሲል ተሳለች። ልጁ ዳነ፤ አሁን እሱም የልጆች አባት ነው። እሷ ግን ሳትሄድ ሞተች። ስትሞት እጄን ይዛ ‹አንተ አድርስልኝ› አለችኝ።» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። «መስከረም ላይ ሰባ ዓመት ይሞላኛል። ከሰባ በላይ የሆነውን የጉዞው ሰዎች አይቀበሉም። ዘንድሮ ካልሄድኩ ቀረ ማለት ነው።»

የሟች ስለት! ይህን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለት የቀረበት ቤት ምን እንደሚሆን እኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ቀጠሉ። «ስለቷ ሥርዓት አለው። ከመነሣቴ በፊት አርባ አንድ ቀን፣ የሞተ እንስሳ አካል ወደ አፌ አይገባም፤ ገላዬንም ምግቤንም አይነካም። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቆዳ የለም። በመሐል ከተበላሸ ከአንድ መጀመር ነው። ነገ አንድ ብዬ እጀምራለሁ። አርባ አንደኛው ቀን አውሮፕላን የምሳፈርበት ቀን ነው። ትርፍ ቀን የለኝም።»

«ወተትስ?»

«ወተት ይፈቀዳል። ቅቤም ይፈቀዳል።»

ቅቤ የሚበላበት ጾም! ቆዳ መንካት ደግሞ የማይፈቀድበት! ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ግን ሰውዬው ሲናገሩ ጣቶቻቸውን አየሁ፤ ጥፍራቸው ተቆርጦ ንጹሕ ነው። ከመቀመጣቸው በፊትም እጃቸውን ታጥበው ነበር። ደስ አሉኝ። ያ ሰሞን ደግሞ ሃምሳው ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ ከተማው ሁሉ ከሥጋ በሥጋ የሚውልበት። በዚያ ሁሉ መሐል ብቻቸውን የሚጾሙ ሰው ናቸው። «በእኔ ይሁን» አልሁ። «ከእኔ እጅ የረከሰ ነገር አፍዎ አይገባም።» እንዲህ ነው ያልሁት፤ አሸናፊም ሰምቷል።

አገሬ ሁሉ ቆዳ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ምግብ የምይዝበት አገልግል በቆዳ የተለበጠ ነው። በቅሎዋ የምትጫንበት ጠፍር ቆዳ ነው። ኮርቻው፣ ጅራፉ፣ ተራራ ላይ የማነጥፈው ቁርበት፣ የቢላዬ አፎት፣ ሁሉም። አንድ በአንድ እየለቀምሁ ጓዳ ቆለፍሁበት። በጠፍሩ ፋንታ የናይለን ገመድ፣ በአገልግሉ ፋንታ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ተካሁ። ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ማንኪያውን አዲስ ገዝቼ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርሁ፤ ክር ያለውን ዕቃ ሌላ ሰው እንዳይነካ ብዬ ግቢውን ሁሉ አስጠነቀቅሁ።

አሸናፊ ስንጥሩን እያኘከ ያየኝና ይስቃል። «አክስቴ፣ አንቺን ራስሽን ምን እናድርግሽ? አንቺም እኮ ቆዳ ለብሰሻል።»

«የአንተን ገፍፌ ነው አብሬ የምቆልፍበት!» እለዋለሁ።

ኮርቼ ነበር። ገበያ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት አወራዋለሁ፤ የባዕድ አገር ሰው ጾም እንዴት እንደምጠብቅ፣ ክሩን፣ ባልዲውን፣ ሁሉንም። ሰዎች ከንፈራቸውን እየመጠጡ ይሰሙኛል። እኔም ስለ እኔ መሆኑን እያወቅሁ ስለ ዶክተሩ የማወራ አስመስላለሁ።

ልምምዱ በየሁለት ቀኑ ነበር። አሸተን ማርያም ወጥተው ይመለሳሉ፤ መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፣ ኋላ ድንጋይ የተሞላ ቦርሳ ተሸክመው። ሽሮ ጠዋት ሲበሉ ሽቅብ ላይ ከበዳቸው። ቀለል ያለ ነገር ምን እንስጣቸው ብዬ ሳስብ በሶ ትዝ አለኝ። ገነተ ማርያም ላለችው እህቴ ለብርቅዬ ላክሁባት፤ የእሷን የመሰለ የገብስ በሶ የትም የለም። «ለጾመኛ ነው፤ ንጹሕ አድርጊው» አልኋት። በአራተኛው ቀን በአህያ ደረሰልኝ። ተቀብዬ በእጄ ወደ ባልዲው ገለበጥሁት፤ በውሃና በጨው አሽቼ ጭብጦ ሠራሁላቸው።

ወደዱት ብቻ አይደለም። ቲቤት ያሉ ሰዎችም የተቆላ የገብስ ዱቄት እንደሚበሉ፣ ካይላሽን የሚዞር ሰው ሁሉ እሱን እንደሚይዝ ነገሩኝ። «እዚህ አገር ያገኘሁት ለዚህ ነው» አሉ። «ሳሮጃ ናት የላከችልኝ።» ከዚያ በኋላ በየቀኑ በሶ ሆነ። ፊታቸው ፈካ፣ እግራቸው ጠና። ሃያኛው ቀን ላይ ከአሸናፊ ቀድመው አሸተን በር ደረሱ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን አቡነ ዮሴፍ ወጣን። ጫፉ ሥር፣ ጅብራ የበቀለበት ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ዶክተሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭብጦውን ገመጡ። ሁለት ጊዜ አላምጠው ቆም አሉ። ሁለት ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ሰድደው አንድ ነገር ሳብ አድርገው አወጡ።

ፀጉር ነበረ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት! እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «አይዘኑ» አሉኝ። «ሳሮጃም ሩዟ ውስጥ ፀጉሯ አይጠፋም ነበር። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። አሁን አንድ ፀጉሯን ባገኝ ምን አለበት እላለሁ።»

ከጣታቸው ላይ ነጥቄ ወሰድሁት። ልጥለው ስል ዓይኔ አረፈበት። የእኔ ፀጉር ረጅም ነው፣ ሽበትም ጀምሮታል። ይህኛው ግማሽ ጣት አይሞላም፤ ደረቅ ነው፣ ሥሩ ነጣ ያለ፣ ጫፉ ቀይ። የሰው አይደለም። የፍየል ነው።

በሶው የመጣበት ስልቻ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ አገር ዱቄት ከገጠር የሚመጣው በስልቻ ነው፤ ፍየሏ ሳትቀደድ ሙሉዋን ትገፈፍና ቆዳዋ ተለፍቶ ከረጢት ይሆናል። ይህን እንደ ነገር የቆጠርሁት ያን ለት ነው። አገልግሉን፣ ጠፍሩን፣ የቢላ አፎት ሳይቀር የቆለፍሁ ሴት፣ በሶውን ከስልቻ በእጄ ስገለብጥ፣ ጥጉ ላይ የቀረውን በክንዴ እየጠረግሁ ሳወጣ፣ ስልቻ ቆዳ መሆኑ አልታየኝም። ለእኔ ስልቻ ዱቄት የሚመጣበት ነገር ነው፤ በቃ። ጾም ደግሞ ለእኛ ድስት ውስጥ የገባው ነው እንጂ የተቀመጠበት ዕቃ አይደለም።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ። ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ።

ዶክተሩ ያዩኛል። ጣቶቼ መካከል ያለችውን ፀጉር ጨበጥሁና «የእኔ ናት» አልሁ። «ይቅር ይበሉኝ፣ የእኔ ፀጉር ናት።»

እንግዲህ አስቡት፤ እኔ አዛለች፣ ከወጤ ፀጉር አልወጣም እያልሁ የምምል ሴት፣ ፀጉሯ የእኔ ናት ብዬ ዋሸሁ።

ስንወርድ፣ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ስንደርስ፣ ወደ ኋላ ቀርቼ ለብርቅዬ ደወልሁ።

«ያን በሶ በምን ነበር የላክሽልኝ?»

«በስልቻ ነዋ! በምን ልላክልሽ ኖሯል፣ በአውሮፕላን?»

«የምን ስልቻ?»

«የገናዋ ቀይ ፍየል ናታ። ገና አዲስ ናት፣ አፏ ላይ ጠጉሯም በደንብ አልለቀቀም። ምነው እቴ፣ በሶው ሸተተ?»

«ለጾመኛ ነው አላልሁሽም?»

«ብለሽኛል። ቅቤ አልነካውም፣ እንቁላል አልነካውም። ስልቻም ይጾማል እንዴ?» ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ያልነገርኋትን ከየት ታውቀዋለች? ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አፌ ውስጥ የቆዳ ሽታ ገባ። ጥርሴን ብፍቅ አይለቅ፣ ሎሚ ብመጥጥ አይለቅ። በሶ ሳይ ምራቄ ይመረኛል። ባልዲው ውስጥ የቀረውን ወስጄ ዶሮዎች ፊት ደፋሁት። ገበያ ወርጄ ገብስ ገዛሁ፣ ለቀምሁ፣ ቆላሁ፣ አስፈጨሁ፣ አዲስ ፌስታል ውስጥ ከተትሁት። ከዚህ በኋላ ያለው ንጹሕ ነው አልሁ። ያለፈውስ? ያለፈውን ምን ላድርገው? ዐሥር ቀን ነው የቀረው። ብነግራቸው ከአንድ ይጀምራሉ፤ አውሮፕላኑ ይሄዳል፤ መስከረም ይጠባል፤ የሟች ስለት ይቀራል። ባልነግራቸው አርባ አንድ ያሉት ቀን ዐሥር ብቻ ሆኖ፣ ሳያውቁ የረከሰ ስለት ተሸክመው ተራራውን ይዞራሉ።

ለአሸናፊ ነገርሁት። ስንጥሩን ከአፉ እንኳ አላወጣም።

«ሆድ ይፍጀው፣ አክስቴ» አለኝ። «ሰውዬው ደስ ብሎት በልቷል። ብትነግሪው ስለቱን የምታስቀሪበት አንቺ ነሽ እንጂ ስልቻው አይደለም። ላያውቀው ነገር ምን አስጨነቀሽ?»

ጥርሱ መካከል የጥሬ ሥጋ ቅንጣቢ ተሰክቶ ነበር። እሱን እያየሁ ነው የሰማሁት። የቀፈፈኝ ግን ሥጋው አልነበረም፤ ቃሉ ሲገባኝ፣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ቀለል ሲለኝ ነው የቀፈፈኝ። የአሸናፊን ምክር የምወድ ሴት ሆኜ ተገኘሁ።

በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ቄስ ጽጌማርያም ዘንድ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቀኖና ይስጡኝና ልገላገል ብዬ።

«አርባም ስገጂ መቶም ስገጂ፣ ልጄ፣ ያ ሰው በሶውን በልቷል» አሉኝ። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለባለቤቱ ንገሪ እንጂ። ጾሙ የእሱ ነው፤ ልጀምር፣ ልተወው፣ አምላኬ ያውቅልኛል የሚለው እሱ ነው። አንቺ በእሱ ቦታ አትቁረጪ።»

«አባ፣ ሐሳቡ ይገድላቸዋል።»

«ለእሱ ነው ለራስሽ የምትፈሪው?»

ጋቢያቸው ጫፍ ላይ የደረቀ ወጥ ነበረ። ካህን ሆነው ምነው ጋቢያቸውን ቢያሳጥቡ እያልሁ እሱን ብቻ አየሁ። ደግሞም እንዲህ ነኝ፤ መልስ ሲጠፋኝ የሰው ቆሻሻ እፈልጋለሁ።

ለመንገር ሞክሬያለሁ፤ አልሞከርሁም አልልም። አንድ ቀን ከአሸተን ሲመለሱ ውሃ ይዤ ጠብቄያቸው፣ አፌን ስከፍት ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ሌላ ቀን ጎረቤት መጣ። ሌላ ቀን ማንም አልመጣም፣ ምንም አልተፈጠረም፤ እኔ ነኝ ቁርሱን አቅርቤ የወጣሁት። ሲያመሰግኑኝ «እናቴን ይመስሉኛል፤ እናቴ ሳትታጠብ ማንኪያ አታስነካም ነበር» ይላሉ። ያን መስማት ደስ ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሱን አጣለሁ ብዬ ነው የፈራሁት። ስለቱን ብቻ አይደለም።

በአርባኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሻንጣ ልናዘጋጅ ዶክተሩ ያረፉበት ሆቴል በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ዶክተሩ ያላቸውን ሁሉ አንሶላ ላይ ዘርግፈውታል። ላባ የተሞላውን ትተው በምትኩ የገዙት በጥጥ የተሞላ ወፍራም ጃኬት፣ ሁለት ምርኩዝ፣ የሸራ ጫማ፣ ለከፍታ የሚዋጥ ክኒን፣ ካይላሽ ሥር ካለው ሐይቅ ጠበል የሚቀዱበት ትንሽ የነሐስ ዕቃ፣ በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ የሳሮጃ የመስታወት አምባር። አምባሩን እዚያ ሐይቅ ውስጥ ሊጥሉት ነው። የቀረው ዝናብ መከላከያና ካልሲ ነው፤ ካልሲው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ተጠቅልሏል። እንደዚህ ያለ ካልሲ በዕድሜዬ አላየሁም።

እኔ አጣጥፋለሁ፣ እሳቸው እያንዳንዱን ያገላብጣሉ። ጃኬቱ ዚፕ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን አጠበቡ። ምላጭ አመጡ። ከዚፑ ጫፍ ላይ የጥፍር ታህል ቁራጭ በቀስታ ፈትተው አወጡና በእንጨት አንሥተው አሳዩኝ።

«ይዩት። ይህ እንኳ ቆዳ ነው» አሉ። «አርባ ቀን ሙሉ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ደግነቱ ለብሼው አላውቅም።» ቁራጩን ከግቢው ውጭ ጥለው መጡና እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ። ፊታቸው ላይ ያለውን አውቀዋለሁ፤ እኔም አጥሩ ሥር ሳስመልስ ፊቴ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በላይ አልቻልሁም። ካልሲውን አስቀምጬ ቆምሁ። «ዶክተር፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«እኔም አለኝ። ግን እኔ ልቅደም፤ ሰርቄያለሁና መናዘዝ አለብኝ» አሉና እየሳቁ ወደ ክፍላቸው ገብተው ከአልጋው ሥር አንድ ፌስታል ጎትተው አወጡ። በሶ ነው። ሦስት ኪሎ ይሆናል። «አይቀየሙኝ፣ የእርስዎም ጥሩ ነበር። ግን ያ የመጀመሪያው አንድ ጣዕም ነበረው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ አፍ ውስጥ የሚቆይ። አሸናፊን ከእናቱ አምጣልኝ ብዬ ለመንኩት። የካይላሽ ስንቄ ይህ ነው። ሐይቁ ዳር መጀመሪያ ለአምላኬ አቀርባለሁ፣ ከዚያ እኔ እበላለሁ።»

አሸናፊ የበረንዳው ምሰሶ ጋ ቆሟል። እጁን ይዤ ወደ ማዕድ ቤቱ ኋላ ጎተትሁት።

«በምን ነው ያመጣኸው?»

«እናቴ በስልቻ አድርጋው ነበር፤ ወደ ፌስታል ያዞርሁት እኔ ነኝ። ምን ታደርጊኛለሽ? የወደደውን ጠየቀኝ፣ የወደደውን አመጣሁለት። አንድ ጊዜ የበላውን ሁለት ጊዜ ቢበላው ምን ይጨመርበታል?»

«ለአምላኩ ሊያቀርበው ነው እኮ! አንተ ነውረኛ!»

«እኔ ነኝ ነውረኛ?» ስንጥሩን ተፋው፤ ጫማዬ አጠገብ ወደቀ። «ዐሥር ቀን ሙሉ ምላስ ነበረሽ። አሁን ሂጂና ንገሪው። ማን ያዘሽ?»

በጥፊ ልለው እጄ ተነሣ፤ ግን በምን አፌ? ጠላሁት። ያን ስንጥሩን፣ ድዱን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም ጠላሁት። ከሁሉ የጠላሁት እውነቱን መናገሩን ነው። ዘወር ብዬ ወደ በረንዳው ሄድሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ ልነግራቸው ነበር የሄድሁት።

ስደርስ ዶክተሩ በሶውን ቆንጠር አድርገው ሳህን ላይ በማርና በውሃ አሽተው ጨርሰዋል። የሆቴሉ ዘበኛና ሁለት ልብስ አጣቢዎች ሊሰናበቷቸው ከበው ቆመዋል። ዶክተሩ ሲያዩኝ ተነሡ።

«ወይዘሮ አዛለች» አሉ። «አርባ ቀን አበሉኝ። ስለቱን የጠበቁልኝ እርስዎ ነዎት። ሳሮጃ ብትኖር እግርዎን ትስም ነበር። ዛሬ በአገርዎ ባህል እኔ ላጉርስዎ።»

ጭብጦው በሦስት ጣታቸው ተይዞ አፌ ደረሰ። ከተራራው ወዲህ በሶ ቀምሼ አላውቅም። ሽታው ሲመጣ ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አፌ እምቢ ያለውን ሆዴ ይናገርልኛል አልሁ። አሁን ያስመልሰኛል፤ ሁሉም ይደነግጣል፤ ምን ሆንሽ ይሉኛል፤ ያን ጊዜ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። ሆዴ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ጎረስሁ። አላመጥሁ። ጠበቅሁ።

ምንም አልመጣም። ማሩ አለ፣ የተቆላው ገብስ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ ዶክተሩ የወደዱት ጭስ ጭስ የሚል ነገር አለ። ቅቤ በነካ ጭልፋ አጥር ሥር የተንበረከክሁ ሴት፣ የሰው ካልሲ አይቼ ምሳ የምተው ሴት፣ እሱን ዋጥሁት፤ ወርዶ ቦታውን ያዘ። ጣፈጠኝ። ልብስ አጣቢዎቹ እልል አሉ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ራሴን ተጸየፍሁ፤ እሱም ቢሆን አላስመለሰኝም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፣ አይደል?» አሉ ዶክተሩ፣ ሁለተኛውን እያነሡ።

አፌን ከፈትሁ።